ኮብሉ እኔ በር ላይ አለቀ

ጂንካ ውስጥ ቤት ለመሥራት የምታስቡ ካላችሁ አንድ ምክር አለኝ። መኪና ሳትገዙ የመኪና በር እንዳታሠሩ። እኔ አሠርቻለሁ። ያኔ አንድ ቀን ያገለገለች ቶዮታ ገዝቼ፣ ቤተሰቤን ጭኜ ወደ ወይጦ ሽርሽር የምወርድ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ አይሱዙ የሚያሳልፍ ባለ ሁለት ተካፋች የብረት በር አስገጠምኩ። ከበሩ እስከ በረንዳው ያለውን ሜዳ ደግሞ ለቶዮታዬ መቆሚያ ብዬ ባዶ ተውኩት፤ ባለቤቴ ወርቅነሽ ጎመን ልትተክልበት ለምና ለምና ተስፋ ቆርጣለች። ቶዮታዋ እስከ ዛሬ አልመጣችም። የሌላ ሰው መኪና ግን ያልመጣ የለም።

ምክንያቱን ላስረዳችሁ። ሰፈራችን ዳገት ላይ ነው። ድሮ ዝናብ ሲጥል ጫማችንን በእጃችን ይዘን የምንወጣው ጭቃ ነበር። በኋላ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ "ኮብል እናስነጥፍ" ተባለ። ከሁሉ በላይ ጮኬ የደገፍኩት እኔ ነኝ፤ እንዲያውም "እስከ መጨረሻው ቤት ድረስ ይነጠፍ!" ብዬ ጭብጨባ አስጀምሬያለሁ። የመጨረሻው ቤት የእኔ ነው። ኮብሉ እኔ በር ላይ ደረሰና አለቀ። ከእኔ በር ወዲያ ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦው ወዲያ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ነሪ ወንዝ ነው። ከዚያ አልፎ የሚሄድ ጦጣ ብቻ ነው።

የስልክ ካርታ ግን ይሄን አያውቅም። አንድ አስጎብኚ ልጅ ስልኩን አሳይቶኝ በዓይኔ አይቻለሁ፤ መንገዱ ወደ ግቢዬ ሰተት ብሎ ይገባል፣ መኝታ ቤቴን ያቋርጣል፣ ወንዙን ይሻገራል፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። "ጋሼ፣ ቤትዎ እኮ መንገድ ላይ ነው የተሠራው" አለኝ ልጁ፤ ያውም ቆጣ ብሎ። ይቅርታ ልጠይቀው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ስለዚህ የከተማው ሙዚየም የጠፋበት ቱሪስት የጫነ ላንድ ክሩዘር እኔ በር ላይ ይደርሳል። ወደ ካንጋተን ዕቃ የሚያወርድ አይሱዙ አቋራጭ ያገኘ መስሎት እኔ በር ላይ ይደርሳል። መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ የሚለማመድ፣ ከሚስቱ ተጣልቶ ንፋስ መቀበል ያማረው፣ ከፍቅረኛው ጋር ጸጥ ያለ ቦታ የፈለገ፣ ሁሉም እኔ በር ላይ ይደርሳል። ሲደርሱ ከፊታቸው ገደል፣ ከኋላቸው ጠባብ ዳገት ነው። በጎናቸው ደግሞ ወለል ያለ የእኔ ግቢ። እናንተስ ብትሆኑ የት ታዞሩ ነበር?

መጀመሪያ በሩን ዘጋሁ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነው። በሩ ሲዘጋ ክላክስ ማድረግ ጀመሩ። እኔ ደግሞ ክላክስ ሰምቼ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም፤ እንግዳ ይሆናል፣ ዘመድ ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ተነስቼ ሁለቱንም ተካፋች ወለል አድርጌ እከፍታለሁ። መኪናው ይገባል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ ይዞራል፣ "እግዜር ይስጥልን አባባ!" ይሉኛል፣ ይሄዳሉ። እኔ በሩን እንደያዝኩ እቀራለሁ። ወርቅነሽ በመስኮት አይታኝ "ሰላምታ ቢቀርህ እኮ ዘበኛ ነህ" አለችኝ።

ቀጥዬ ድንጋይ ደረደርኩ። የእኛ አገር ረዳት ግን ድንጋይ የሚያቆመው ፍጡር አይደለም። ይወርዳል፣ አንድ በአንድ ያነሳል፣ መኪናው ይዞራል፣ ከዚያ ተመልሶ ድንጋዩን በነበረበት ይደረድርልኛል። ያውም ከእኔ አሳምሮ። በምኑ ልቆጣው?

ማስታወቂያም ሰቀልኩ። "መኪና ማዞር ክልክል ነው" ይላል፣ በቀይ ቀለም። አንድ ባለ ባጃጅ ቆሞ አነበበውና ጠራኝ።

"ጋሼ፣ ክልክል ከሆነ የት ላዙር?" አለኝ በትሕትና።

ገደሉን አየሁ፣ ዳገቱን አየሁ። "በል ግባ፣ ዛሬን ብቻ" አልኩት። ይቺን "ዛሬን ብቻ" ለጓደኞቹ ሳይነግራቸው አልቀረም። ከዚያ በኋላ የጂንካ ባጃጅ ሁሉ "ዛሬን ብቻ ጋሼ!" እያለ ሲገባ ይውላል።

ነገሩ የባሰው ሙዝ የጫነ አይሱዙ ወደ ኋላ ሲል የውሃ ቧንቧችንን የሰበረ ዕለት ነው። ውሃው ሽቅብ ተፈናጥሮ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ወርቅነሽ ዝናብ መስሏት ልብስ ልታስገባ ሮጣ ወጣች። ሹፌሩ ጥሩ ሰው ነው፣ ወርዶ ይቅርታ ጠየቀ፣ አንድ ትልቅ ዘለላ ሙዝም ሰጠን። ቧንቧው እስኪጠገን ከጎረቤት ውሃ እየቀዳን ሙዝ በላን። ያኔ ቆረጥኩ። መዞራቸው ካልቀረ በሥርዓት ይዙሩ አልኩ።

ሥራዬ ንብረት ክፍል ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የመንግሥት ወንበርና ጠረጴዛ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ነገር ልጠብቅ ካልኩ እጠብቃለሁ። መኪና ሲገባ ከኋላው እቆምና ቦዲውን በመዳፌ መታ መታ እያደረግኩ "ና! ና! ና! ግራ ስበር! መልስ! ቀጥ አርግ! ና! በቃ!" እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ግራና ቀኙ እየተምታታብኝ አንዱን ሚኒባስ ከአጥር አጋጭቼዋለሁ። በኋላ ግን ጎበዝኩ፣ ምን ያስዋሸኛል። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር በመስኮት ብቅ ብሎ "ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ረዳት መሆን ነበረብዎት" ቢለኝ ቀኑን ሙሉ ፈገግ እያልኩ ዋልኩ፤ ቢሮ ውስጥ እንደዚያ ብሎኝ የሚያውቅ የለም። ወርቅነሽ እንደምትለው በእንቅልፍ ልቤ ሳይቀር "ግራ ስበር" እያልኩ ትከሻዋን እመታለሁ።

አንድ መጥፎ ልማድ ግን ያዘኝ። ሰው ማየት ተውኩ። ዓይኔ ከኋላ ጎማ አይነሳም። መኪናው ውስጥ ሙሽራ ይኑር ባለሥልጣን ይኑር አላይም፤ ቧንቧዬ እንዳይነካ ብቻ ነው የምጠብቀው። ከዚህ የመጣውን ጣጣ ነው የምነግራችሁ።

ምህረት የምትባል አንድ ልጅ አለችን። ነርስ ናት፣ ገዘር በምትባል ጎረቤት ከተማ ነው የምትሠራው። እዚያ ዳንኤል ከሚባል መምህር ጋር ተዋውቃ ኖሯል። "ኖሯል" የምለው አባት ስለሆንኩ ነው። እናቷ ከመጀመሪያው ቀን ታውቃለች፣ ጎረቤት ያውቃል፣ የገዘር ሚኒባስ ሹፌሮች በሙሉ ያውቃሉ። አባት የሚያውቀው ሽማግሌ በሩ ላይ ሲቆም ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ስለሆነ አስቀድሞ ትንፍሽ የሚልለት የለም። ወርቅነሽ እንኳ ቅዳሜ ማታ የነገረችኝ "ነገ ከጸሎት ቤት ስንመለስ የትም እንዳትሄድ፣ ኮትህንም እንዳታወልቅ" ብቻ ነው።

"ለምን?" አልኳት።

"ያምርብሃል።"

በትዳር ዘመናችን እንዲህ ብላኝ ስለማታውቅ መጠርጠር ነበረብኝ። ደስ ስላለኝ አልጠረጠርኩም።

እሁድ ከሰዓት ኮቴን እንደለበስኩ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ጓዳ ውስጥ ዶሮ እየተሠራ ነው። ምህረት ከገዘር መጥታ ክፍሏ ገብታለች፣ መጋረጃዋ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሌላ አባት ቢሆን ይነቃ ነበር። እኔ ግን ያን ዕለት መኪና በዝቶብኛል፤ አንዱን አዙሬ ቁጭ ሳልል ሌላው ይደርሳል። ኮቴ ክንዱ ላይ አቧራ ጠጥቷል።

ነጭ ላንድ ክሩዘር መጣ። በሩ ክፍት ስለነበር ገባና ግቢው መሃል ቆመ። በልቤ "ምን ትገተራለህ፣ ወደ ኋላ በል እንጂ" እያልኩ ተነሳሁ። የኋላው በር ተከፈተና አንድ ከዘራ ወጣ፣ ከከዘራው ቀጥሎ አንድ እግር።

"አባቴ፣ እግርዎን ያስገቡ! ጎማው ይጎዳዎታል!" አልኩ። እግሩን በሁለት እጄ ቀስ አድርጌ ወደ ውስጥ መለስኩ፣ ከዘራውንም አስከትዬ አስገባሁ፣ በሩን ዘጋሁት። ከውስጥ "እኛ እንኳን የመጣነው..." የሚል ድምፅ ሰማሁ።

"ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ፣ ምንም አትቸገሩ!" ብዬ ወደ መኪናው ጀርባ ሮጥኩ።

ሹፌሩ ሽማግሌዎቹ ለዕለቱ የተከራዩት የጂንካ ልጅ ነው። እኔ ግቢ ስንቴ ዞሯል። ቦዲውን መታ መታ ሳደርግ እጁ ሳያስበው ታዘዘኝ። "ና! ና! ቀኝ ስበር! በደንብ ስበር! መልስ! ና! በቃ!" እንደዚያ ያማረ ማዞር አዙሬ አላውቅም፤ ቧንቧው በስንዝር ተረፈ። የመኪናው አፍንጫ ወደ በሩ ሲመለስ "ሂድ፣ ቀጥ ብለህ ውረድ!" አልኩና ጠፍ አደረግኩት። አልሄድም አለ። "ምን ትጠብቃለህ? ሂድ እንጂ! ሌላ ሰው እየመጣ ነው!" አልኩ፤ እውነትም ከታች ባጃጅ እየወጣ ነበር። ሄዱ። እጄን አራግፌ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

ወርቅነሽ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ብቅ አለች።

"የታሉ?"

"እነማን?"

"መኪና ሲገባ ሰምቻለሁ እኮ።"

"እሱማ ሄደ። አዞርኩት። ምን የመሰለ ማዞር አመለጠሽ!"

ነጠላዋ ከትከሻዋ ወረደ። አላነሳችውም። "ሽማግሌዎቹን?" አለች። "አንተ ሰው! የልጅህን ሽማግሌዎች አዙረህ ሰደድካቸው?"

ወደ በሩ ሮጥኩ። ላንድ ክሩዘሩ ዳገቱን ጨርሶ ወርዷል፤ ባጃጁ ግን ገብቶ እየዞረ ነው። "ዛሬን ብቻ ጋሼ!" አለኝ። ያን ልጅ ከዚያ በፊት እንደዚያ ሰድቤው አላውቅም።

ስመለስ ምህረት በረንዳው ላይ ቆማለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። "አባዬ፣ እግራቸውን እኮ መልሰህ አስገባኸው" አለችኝ ቀስ ብላ። ገብታ በሯን ዘጋች።

አመሻሹ ላይ ዳንኤል ደውሎ የሆነውን ነገራት፣ እሷ ለእናቷ ነገረች፣ እናቷ እኔ ላይ አወረደችው። ሽማግሌዎቹ ገዘር ሲገቡ "ስንት ቤት ለሽምግልና ሄደናል" ብለዋል። "ፀሐይ ላይ ያቆመን አለ፣ ልጄ ገና ናት ያለን አለ፣ ውሻ የለቀቀብንም አለ። ከመኪና ሳንወርድ መኪናችንን በገዛ እጁ አዙሮ የሰደደን ግን የለም። ያውም ኮት ለብሶ!" የጎዳኝ ኮቱ ነው። በቱታ ብሆን ኖሮ አላወቀንም ይሉ ነበር። ኮት የለበሰ ሰው አስቦበት፣ ተዘጋጅቶ ነው የሚያባርረው። አፍ አውጥተው ያልተናገሩትም ሽማግሌ ሳይጠየቅ ጉዳዩን ስለማይናገር ነው፤ እኔ ደግሞ ከጎማው ሌላ ምንም አልጠየቅኩም። የዳንኤል አባት "ሁለተኛ እዚያ ቤት ሰው አልክም" ብለዋል።

"በቃ፣ ነገ ገዘር ሄጄ አስረዳለሁ" አልኩ።

"ምን ብለህ?" አለች ወርቅነሽ። "ልጄን ውሰዱልኝ ብለህ? የሴት ልጅ አባት ወንድ ቤት ሄዶ 'ሽማግሌ ላኩብኝ' ሲል የት አይተህ ታውቃለህ? ከዚያ በኋላ ምህረት በየትኛው ዓይኗ ገዘርን ታያለች?"

እውነቷን ነው። መሄድ አልችልም፣ መደወል አልችልም፣ ሰው መላክ አልችልም። እነሱ ተመልሰው ካልመጡ ልጄ በእኔ ጦስ የምትወደውን ሰው አጣች ማለት ነው። ሰኞ ጠዋት ሥራ መግባት ሲገባት "አሞኛል" ብላ ቀረች። ሻይ ይዤላት ስገባ ፊቷን ከግድግዳው አላዞረችም።

"ሆን ብለህ ነው አይደል?" አለችኝ።

"ኧረ በጌታ! ጎማውን እያየሁ ነው ልጄ።"

"ጎማ!" አለችና ብርድ ልብሷን ተከናነበች። ሻዩን እኔው ጠጣሁት።

ድንጋዩን አነሳሁ። ማስታወቂያውን ነቀልኩ። ሁለቱንም ተካፋች ከፍቼ እንዳይዘጉ በሽቦ አሰርኳቸው። ከመሥሪያ ቤት የዓመት ፈቃድ ወጣሁ፣ ኮቴን አስተኩሼ ለበስኩ፣ በሩ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ወዲያ ለእኔ የገባ ሁሉ ሽማግሌ ነው። ምን ይታወቃል፣ ሌላ መኪና ይዘው ይመጡ ይሆናል።

አንድ አይሱዙ ሲመጣ ሮጬ የመኪናውን በር ከፈትኩ። "ውረዱ! ቤት ለእንግዳ!" ሹፌሩና ረዳቱ ተያይተው ወረዱ፤ ሳሎን ገብተው ለሽማግሌዎቹ የተሠራውን ዶሮ በሉ። እጃቸውን እስኪታጠቡ ታግሼ "እንግዲህ፣ ምን ጉዳይ ገጥሟችሁ ነው?" ብዬ በአክብሮት ጠየቅኩ። ሹፌሩ "ወደ ካንጋተን መውጫው በየት ነው?" አለኝ። በማግስቱ ነጭ ፀጉር ያላቸው ቱሪስቶች መጡ፤ ጎትቼ አስገባኋቸው። አስጎብኚው ምን እንደሚያስረዳቸው አላውቅም፣ ብቻ ራሳቸውን እየነቀነቁ በአድናቆት ያዩኝ ነበር፤ ኮቴን ሳይቀር ፎቶ አነሱት። ባጃጆቹ ደግሞ ነገሩ ገብቷቸው በምሳ ሰዓት ብቻ መዞር ጀመሩ። ወርቅነሽ "ሽሮው አለቀ" አለች፣ ቀጥላ "በርበሬው አለቀ" አለች፣ በመጨረሻ "ትዕግስቴም አለቀ" አለች።

አንድ ቀን ዝናብ ያዘ። ከበሩ አልተንቀሳቀስኩም፤ ስገባ ቢመጡስ? ኮቴ ርሶ ከገላዬ ተጣብቋል። ምህረት ጃንጥላ ይዛ ወጣችና አጠገቤ ቆመች። ጃንጥላዋን ወደ እኔ አዘንብላ ነበር፤ ትከሻዋ ሲበሰብስ አየሁ። ያኔ ነው በጣም ያሳዘነችኝ።

እሁድ ከሰዓት ቁልቁል ሳይ ሦስት ሽማግሌዎች ዳገቱን በእግራቸው ይወጣሉ። መኪናቸውን ታች ገበያው ጋ አቁመውታል። ከፊት የሚመጡት ባለ ከዘራው ናቸው፤ አቶ ማርቆስ ይባላሉ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። በሩ ጋ ሲደርሱ ከዘራቸውን ተክለው ቆሙ።

"ዛሬ መኪና አልያዝንም" አሉ። "የሚዞር ነገር የለንም።"

"አባቴ፣ ያን ዕለት እኮ እኔ..."

"ይተዉት። እነዚህ ሁለቱ አባረረን ብለው ነበር። እኔ ግን እግሬን ሲያስገቡ እጅዎ ቀስ ያለ ነበር፤ የጠላኝ ሰው እግሬን እንደዚህ አይዝም አልኳቸው። በኋላ ሹፌሩን ብንጠይቀው 'እዚያ ግቢ እኮ አገሩ ሁሉ ነው የሚዞረው፣ ሰውየው አባዜ አለባቸው' አለን። የልጁንም አባት በዚሁ አስታረቅናቸው።"

ልስማቸው ቃጣኝ። "ግቡ፣ ግቡ!" አልኩ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንገባም" አሉና ሦስቱም በረድፍ ቆሙ።

እዚህ ላይ ደንቡ ግልጽ ነው። እኔ "ምን ጉዳይ ነው?" እላለሁ፣ እነሱ ይናገራሉ፣ እኔ እኮሳተራለሁ። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ሳምንቱን ሙሉ በር ላይ የቆመ ሰው አፉ አይታዘዝለትም።

"እሺ!" አልኩ። "እሺ ብያለሁ! ዳንኤል ይውሰዳት፣ መርቄያለሁ!"

በረንዳው ላይ ወርቅነሽ አሳለች። አንደኛው ሽማግሌ ለሌላው በአሪኛ "ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው?" አለው። እናቴ አሪ ናት፤ ሰምቻለሁ።

አቶ ማርቆስ ተጠግተውኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ወንድሜ፣ ገና እኮ አልተናገርንም።"

"ይናገሩ እንግዲህ። እሺ።"

"ኧረ እንዲህ አይሆንም! አፋችንን ሳንከፍት እሺ ተባልን ብለን ገዘር ብንገባ ሰው ምን ይለናል? ነውሩ ለልጅቷ ነው። 'አባቷ ሰልችታው ነው' ይሏታል። ስለ እሷ ክብር ብለው ዛሬ እምቢ ይበሉን። ዘመድ ላማክር ይበሉና የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጥተው ይስደዱን።"

"ልስደዳችሁ?"

"ይስደዱን። ትንሽ ቆጣ ብለው።"

ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ጉሮሮዬን ጠረግኩና "ምን ጉዳይ ነው?" አልኩ። አቶ ማርቆስ ከዘራቸውን ለጓደኛቸው ሰጥተው፣ ሁለት እጃቸውን አጣምረው "ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን መጥተናል" አሉ።

ያን ሁሉ ቀን ሳስብ የነበረው ስለ ሽማግሌዎቹ ነው፣ ስለ ኮቴ ነው፣ ስለ በሩ ነው። ምን ሊወስዱ እንደሚመጡ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። ወደ ምህረት መስኮት ዞር አልኩ። መጋረጃው እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ጣቶቿ ጫፉን ጨምድደው ይዘውታል። አንድ ልጄ ናት።

"ዘመድ ላማክር" አልኩ። ቆጣ ልል ነበር፣ ድምፄ ግን ተሰበረ።

"ደግ ነው" አሉ አቶ ማርቆስ። "እንግዲያው በሁለት ሳምንት..."

"ወር ይሁን" አልኩ።

የሽማግሌው ፊት በራ። ደንቡ የገባኝ መስሏቸው "እንደዚህ ነው እንጂ!" ብለው በሹክሹክታ አደነቁኝ።

ከመጋረጃው ጀርባ ምህረት "አባዬ!" ብላ ጮኸች። ወር በዝቶባት ነው። እኔ ግን አንሶኝ ነበር።